ስንሻው ታንኳ ላይ የዋለበት ቀን

በጣና ምዕራብ ዳር ባሉ መንደሮች፣ ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም ቢል ማንም አይጎተጉተውም። አዲስ ሙሽራ አማቶቿ ቤት ገብታ ሦስት ቀን ቃል ባትተነፍስ «ምን ሆና ነው» የሚል የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ሐይቁ ዞር ብሎ አጭር ነገር ይናገራል፤ የቀሩት «ይሁን» ይላሉ፤ መጠበቁም ይቀጥላል። ይህን አባባል መጀመሪያ ስሰማ ከዳኞች የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ካልሆነም ከመነኮሳት። የነገሩኝ ሰዎች ግን ከአንዲት ዓሣ ነው የመጣው ይላሉ።

ስንሻው የአቸፈር ሰው ነበር፤ እህል ነጋዴ። በገበያው «ስንሻው ጤፉ ሳይሰፈር ዋጋ ይቆርጣል» ይሉታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር እንጂ። ሌላው ሰው ንግግሩን ሲጀምር እሱ ይጨርስለታል፤ ጨርሶም መልሱን ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ትክክል ይሆን ነበር፤ ያበላሸውም ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ አንጓች የምትባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ አየ። የደረቀ ዓሣ በገመድ ሰክታ ከገበያው ዳር ተቀምጣለች።

«ዓሣው የሰሞኑ ነው?» አላት።

ቀና ብላ አየችውና ዝም አለች።

«የቆየ ነው ማለት ነው። ቢቆይም ግድ የለም። ጨው በዝቶበታል?»

አሁንም ዝም አለች።

«በዝቶበታል እንግዲህ። እናጥበዋለን። ከባሕር ማዶ ነው የመጣችሁት? አይ፣ ከዚሁ ናችሁ፤ ገመዱ የዚሁ ነው።»

እንዲህ እያለ ጠይቆ መልሶ ሲያበቃ አንጓች «ንግዱን ብቻህን ከቻልከው እኔ ምን አስቀመጠኝ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስንሻው ዓሣ የማይወድ ሰው ሆኖ ሳለ በየቅዳሜው ዓሣ ይዞ ይገባ ጀመር። በጥር ሽማግሌ ላከ። መልሱም «ከፋሲካ በኋላ የታንኳ ውሎ ይዋል፤ ከዚያ እንነጋገራለን» የሚል ሆነ።

የታንኳ ውሎ የዚያ ዳር ሰዎች ልማድ ነው። የአጥማጅ ልጅ የሚጠይቅ የየብስ ሰው ከልጅቷ አባት ጋር አንድ ቀን ታንኳ ላይ ይውላል። ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ በዳሩ ከቆመው ትልቅ ዋርካ ጫፍ ላይ እስክታርፍ ድረስ ያጠምዳል። አንድ ሽማግሌም ለምስክርነት መካከላቸው ይቀመጣል። አባትየው መልሱን የሚሰጠው እዚያው ውኃው ላይ ነው፤ መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ዋርካው ላይ ሳታርፍ የጠያቂው እግር ደረቅ መሬት ከረገጠ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠራል፤ ዳግመኛም ያችን ልጅ አይጠይቅም። ስንት ዓሣ እንደያዘ ማንም ግድ የለውም።

ስንሻው ይህን ሲነግሩት «ቁጭ ብሎ መዋል ብቻ? ይህችማ ምን አላት» አለ። አገሩ ተመልሶም ለሠርጉ ጠላ የሚሆን ብቅል አስበቀለ።

የአንጓች አባት አያ ፈንቴ ዝም ባይ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ወር ሙሉ ጠፍቶ ኖሮ፣ ጎረቤት የሰማው ከዳነ በኋላ ነው ይባላል። ምስክር ሆኖ የተመረጠው አያ ጓንጉል ደግሞ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል፤ የፈንቴንም ድርሻ አብሮ የሚያወራው እሱ ነበር።

በቀኑ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ስንሻው ታንኳው ላይ እንደ ወጣ ቆሞ ቀረ፤ ታንኳውም ከሥሩ ተናጠ።

«ተቀመጥ ልጄ፤ በቅሎ አይደለም» አለው ጓንጉል።

ተቀመጠ። ጥቂት እንደ ሄዱ ልብሱ ሲርስ ተሰማውና ወደ ታች አየ። «አያ ጓንጉል፣ ይህ ነገር ውኃ ያስገባል።»

«ከሐይቁ ደንገል የታሰረ ነው፤ ውኃ ይጠጣል። ማታ ዳር ስናወጣው ይደርቃል። አንተም እንዲሁ።»

ፈንቴ በረጅሙ ሽመል የሐይቁን ወለል እየገፋ ነዳቸው። ነፋስ አልነበረም። ውኃው ከሰማዩ የሚለይበት መሥመር ጠፍቶ ስለ ነበር አንድ የውኃ ወፍ ከፊታቸው ስታልፍ ከላይ አንድ ከታች አንድ ሆና አለፈች። ስንሻው አፉን ከፍቶ አየ። ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ ቢነገርም፣ በዚያች ጥቂት ጊዜ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ይህን ጓንጉል ራሱ መስክሮለታል።

ውኃ የዋጠው አንድ ዛፍ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ብቻ ከላይ ይታያሉ። እዚያ ሲደርሱ ፈንቴ ሽመሉን ተክሎ ታንኳውን አሰረ። ለስንሻው ሸምበቆ ሰጠው። በሸምበቆው ጫፍ ከቃጫ የተገመደ ቀጭን ክር፣ በክሩ መካከል የጣት አንጓ የምታህል የደረቀ ደንገል፣ በመጨረሻው መንጠቆ አለ። ትል ሰካለት፤ ክሩን ከቅርንጫፉ ጥግ ጣለለት፤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አልተናገረም።

የተናገረው ጓንጉል ነው። «እዚህ ያለው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ሲበላ ደንገሏን አያሰጥማትም፤ ያዘነብላታል። ስታዘነብል ዝም በል። ቀጥሎ ወደ ጎን ይዟት መሄድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ቀስ ብለህ አንሳ፤ የተኛ ሕፃን እንደምታነሳ። ከንፈሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ከጎተትከው ይቀደዳል።»

«ገባኝ፤ ስታዘነብል ማንሳት።»

«ወደ ጎን ስትሄድ።»

«እሱን ማለቴ ነው።»

ደንገሏ ብዙም ሳትቆይ አዘነበለች። ስንሻው ሸምበቆውን በሁለት እጁ ወደ ሰማይ መነጨቀ። መንጠቆው ባዶውን በራሱ ላይ አልፎ ሄደና የጓንጉልን ጋቢ ያዘ።

ጓንጉል ጋቢውን ሲያላቅቅ «እኔ አርጅቻለሁ፤ ሥጋዬ አይበላም፤ መልሰኝ» አለ።

በሁለተኛው ዓሣው እስከ ውኃው ፊት ድረስ መጣ። ስንሻው ጎኑን አየው፤ ከብር ይልቅ የማለዳ ደመና ይመስል ነበር። ከዚያ ሳበው፤ ክሩ ቀለለ፤ ዓሣው የለም። በመንጠቆው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ቆዳ ቀርቷል። ፈንቴ በጣቱ አነሣውና ሌላ ትል ሰካ። ሦስተኛው እንዲሁ ሆነ፤ አራተኛውም።

ፈንቴ ግን ይይዝ ነበር። ሸምበቆውን ሲያነሳ እጁ የሚንቀሳቀስ አይመስልም፤ ዓሣው ራሱ የመጣ ይመስላል። እያንዳንዱን ዓሣ ቅርጫቱ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ጉንጩን በሁለት ጣት ጫን አድርጎ አፉን ይከፍትና ወደ ውስጥ ያያል።

«አያ ፈንቴ፣ አፋቸውን ለምን ያያሉ?» አለ ስንሻው።

ፈንቴ ክሩን ጣለ።

«ጥርሳቸውን ነው? እኛም አህያ ስንገዛ እናያለን። ዕድሜያቸውን ለማወቅ ነው እንግዲህ።»

ፈንቴ ደንገሏን ያያል። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ።

ፀሐይ ወጣ ስትል ስንሻው ወሬ ጀመረ። ስለ አህዮቹ ነገራቸው። ስለ አዲሱ ቤቱ ክዳን፣ ስለ እናቱ ጤና፣ በቆላ ስላለው የጤፍ ማሳ ነገራቸው። ጓንጉል በየመካከሉ «እሰይ» ይላል። ፈንቴ ዓሣ ይይዛል። ቀትር ሊሆን ሲቃረብ ሙቀቱ ከላይም ከውኃውም መጣ፤ ወሬውም አለቀ። ያን ጊዜ ስንሻው ቀጥታ ጠየቀ።

«አያ ፈንቴ፣ ልጅዎን ይሰጡኛል ወይስ አይሰጡኝም?»

ፈንቴ ዓይኑን ከደንገሏ ሳያነሳ ቆየ። 

«ቢሰጡኝ ኖሮ መናገር ምን ያስቸግራል?» አለ ስንሻው። «አንድ ቃል ናት። ‹እሺ› ማለት ጊዜ አይፈጅም። ‹እምቢ› ግን ያስቸግራል፤ ሰው ፊት ‹እምቢ› ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ‹እምቢ› ነው ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ ጓንጉል ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ይህ ሰው አይሰጠኝም።»

«ፀሐይዋን እያት፤ ገና ናት።»

«ሊሰጠኝ ቢሆን ፊቱ ይናገር ነበር። የስንት ሻጭ ፊት ያነበብኩ ሰው ነኝ።»

«ብቅሉ በቅሏል አሉ?» አለው ጓንጉል።

«በቅሏል።»

«ብቅል ደርቆ ይቆያል። አንተም ቆይ።»

ቆየ። ምናልባት አንድ እንጀራ ተጋግሮ የሚወጣበትን ያህል ቆየ። በዚያች ጊዜ ውስጥ በልቡ ጥያቄውን ደጋግሞ እየጠየቀ ደጋግሞ መለሰው፤ መልሱም በእያንዳንዱ ጊዜ ይከፋ ነበር። አቸፈር ሲመለስ የሚሉትን ሰማ። አንጓች ቅዳሜ ገበያ ተቀምጣ ሌላ ሰው ሲጠይቃት አየ። በመጨረሻ ሸምበቆውን ታንኳው ላይ ጣለው።

«እኔ ሰው ነኝ፤ ጉቶ አይደለሁም። ከንጋት ጀምሮ እያነጋገርኩት አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሰልኝም። አፉ ውስጥ ቃል ቢኖር ይወጣ ነበር። ባዶ ነው። ወደ ዳር መልሱኝ።»

ጓንጉል ወደ እሱ ዞረ። «ምን እንዳልክ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እግርህ ደረቅ መሬት ሲረግጥ ነገሩ አበቃ።»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ» አለ፤ ግን ድምፁ እንደ ጠዋቱ ክር ቀጥኖ ነበር።

ፈንቴ ክሩን ጠቀለለ። ሽመሉን ነቀለ። ፊቱ ጠዋት እንደ ነበረው ነው። ታንኳውን አዙሮ ወደ ዳር ይገፋ ጀመር።

ከዳሩ አጠገብ ውኃው ይሳሳል፤ ከጉልበት አይበልጥም። አሸዋው ጥርት ብሎ ይታያል። በአሸዋው ላይ ሰፌድ ሰፌድ የሚያህሉ ክቦች ነበሩ፤ ዓሦች በጅራታቸው ጠርገው የሠሯቸው ናቸው። ጠጠር እንኳ አልቀረባቸውም። ስንሻው ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር፤ ቀና ብሎ የሰዎቹን ፊት ማየት ስላልፈለገ ነው። ዳሩ ስድስት ርምጃ ያህል ሲቀረው፣ በዳሩ ከበቀለው ደንገል ሥር አንዲት ትልቅ ቆሮሶ አየ። ታንኳው ሲመጣ አልሸሸችም። ጉንጮቿ አብጠዋል። ክንፎቿን ብቻ እያወዛወዘች አንድ ቦታ ቆማለች።

«ቆዩ» አለ። ባዶ እጁን መመለሱ ከሁሉም በላይ ቆጨው። ክሩን ፊቷ ጣለ፤ ትሉ አፍንጫዋን ነካት። አልበላችም። ወደ ኋላ አንድ ጣት ያህል ሸሸች እንጂ።

«ይህችማ ታማለች» አለና ለእሱ ዓሣ የተሰጠውን ባዶ ቅርጫት አንሥቶ ውኃው ውስጥ ዘለለ።

ፈንቴ እጁን ዘረጋ። በዚያ ቀን ያደረገው የመጀመሪያው የችኮላ ነገር ይህ ነበር፤ ግን አልደረሰም። ስንሻው ዓሣዋን ከሥሯ ዝቆ አነሣት። ቅርጫቱ ከውኃው ሲወጣ ተንፈራገጠች፤ አፏንም ከፈተች።

ከአፏ ፈሰሰ። መጀመሪያ አሸዋ መሰለው፤ ቀጥሎ ተልባ መሰለው፤ እጁ እህል ያውቃልና። ግማሹ በቅርጫቱ ቀዳዳ ወደ ውኃው ወረደ፤ ግማሹ በእጁ ጀርባ ላይ ቀረ። እጁን ወደ ዓይኑ አቀረበ። እያንዳንዷ ተልባ ሁለት ዓይን ነበራት። እያንዳንዷ ትንቀሳቀስ ነበር።

«ልጆቿ ናቸው» አለ ጓንጉል ከታንኳው ላይ፤ እሱም በዝግታ ነበር የተናገረው። «እንቁላል ሳሉ ጀምራ አፏ ውስጥ ነው የምታሳድጋቸው። እስኪጠኑ ድረስ ብዙ ቀን አትበላም። ብትበላ ትውጣቸዋለች። ፈንቴ አፋቸውን የሚያይልህ ምናልባት መንጠቆ የያዛት እንደዚህ ያለች ብትኖር ለመመለስ ነው።»

ስንሻው ቅርጫቱን እንደ ያዘ ቆመ። «ምን ላድርግ?» አለ። እናም መልሱን ራሱ ሳይሰጥ ጠበቀ።

ፈንቴ ወደ ውኃው ወረደ። አጠገቡ መጥቶ እጆቹን ከስንሻው እጆች በታች አደረገና ወደ ታች ዝቅ አደረጋቸው። ቅርጫቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ተዘቀዘቀ። ዓሣዋ ወጣች፤ ክንድ ያህል ራቀች፤ ዞረችና ቆመች።

ልጆቿ በውኃው ውስጥ እንደ ተበተነ አመድ ነበሩ። ከቅርጫቱ ሽመና መካከል የተያዙም ነበሩ፤ ስንሻው ጣቱን እያራሰ አንድ በአንድ ለቀማቸውና ወደ ውኃው አራገፋቸው። የማይንቀሳቀሱትንም መዳፉ ላይ ይዞ ቆየ፤ ይነቁ እንደሆነ ብሎ። ጥቂቶቹ ነቁ። ጥቂቶቹ አልነቁም። ከዚያ በኋላ እሱም ፈንቴ እንደ ቆመው ቆመ፤ ምንም ሳያነቃንቅ።

አመዱ መሰብሰብ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ሦስቱ ወደ እናታቸው ራስ ቀረቡ፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ በራሷ ዙሪያ ቀፎው አፍ ላይ እንዳለ ንብ ሆኑ። አፏን ከፈተች። ሳትስባቸው፣ ሳትቸኩል፣ ከፍታ ብቻ ቆመች። ገቡ። መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ ማን ያውቃል፤ በአንዲት ጠባብ በር አንዱ ሌላውን ሳይገፋ ገቡ። ዘጋች። ጥቂት የዘገዩ ከደንገሉ ሥር ሲወጡ እንደገና ከፈተችላቸው። ደግሞ ጠበቀች፤ ደግሞ ከፈተች።

በስንሻው ባት ላይ አልቅት ተጣብቆ ነበር፤ አላወቀውም። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ ጫፉ ውኃ ላይ ተንሳፈፈ፤ አላነሣውም። ስለ ብቅሉ፣ ስለ አቸፈር ሰዎች፣ ስለ ዋርካው ረሳ። ምን ያህል እንደ ቆመ ሲጠይቁት ቢኖሩም «አላውቅም፤ የመጨረሻዋ እስክትገባ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

የከሰዓቱ ነፋስ መጣና ውኃው ተሸበሸበ። ዓሣዋ ጉንጮቿን ሞልታ ቀስ ብላ ወደ ጥልቁ ወረደች። ስንሻው ቀና ሲል ፀሐይ ከዋርካው ጫፍ ላይ ነበረች።

ዳሩ ስድስት ርምጃ ይርቃል። እግሩ ውኃ ውስጥ ነው። ጓንጉል ዋርካውን አየ፤ እግሩን አየ፤ ከዚያ ታንኳው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ምስክር ሲናገር እንደሚቀመጥ።

«‹ወደ ዳር መልሱኝ› ሲል ሰምቻለሁ፤ አልክድም። ‹ባዶ ነው› ሲልም ሰምቻለሁ። ልማዳችን ግን የሚፈርደው በእግር ነው። እግሩ ደረቅ መሬት አልረገጠም፤ ፀሐይዋም አርፋለች። ውሎው ሙሉ ነው።»

ስንሻው ወደ ፈንቴ ዞረ። «አባቴ፣ ቅድም ያልኩት...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ የሚመጣውንም ለመገመት አልሞከረም።

ፈንቴ እጁን በውኃው ታጠበ። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ሻክሮ፣ እንደ ቆየ በር ነበር የወጣው።

«ጠዋት አንጓች ምሳችንን ስትቋጥር አንድ ቃል ሰጠችኝ። ‹እሺ በለው፤ ግን ፀሐይ ዋርካው ላይ ሳታርፍ አትንገረው። የአንድ ቀን ዝምታ ካልቻለ ከእኔ ጋር ዕድሜ ልክ አይችልም› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አፌን መክፈት ፈራሁ፣ ልጄ። ሌላ ነገር ልናገር ብከፍተው ይህም አብሮ የሚወጣ መሰለኝ። ‹ወደ ዳር መልሱኝ› ስትል ደግሞ ቃሏን ልውጠው ነው ብዬ ነበር።»

 የስንሻው እንባ ፊቱ ላይ ነበረ፤ በእጁም አልጠረገውም፤ እጁ የዓሣዋ ልጆች የነበሩበት እጅ ነውና እስካሁን ዘርግቶ ይዞታል።

አያ ጓንጉል ዓሣዋ የወረደችበትን ውኃ አየ፤ ከዚያ ስልሳ ዓመት የሚያውቀውን ጓደኛውን እንደ አዲስ ሰው ቆይቶ አየው፤ በመጨረሻም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዳሩ ሁሉ የሚባለውን ነገር ለራሱ እንደሚናገር ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ አለ፦ «ዝም ያለ አፍ ባዶ አይባልም።»